በጭንቀት ጊዜ አሽዋጋንዳ መሞከር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አባቴ በስትሮክ የተኛ ሰሞን እንቅልፍ የሚባል ነገር ጠፋብኝ። ቀን ቢሮ ነኝ፣ ማታ ሆስፒታል። ጋደም ስል ደግሞ ልቤ ይመታል፣ ጆሮዬ ስልኩ ላይ ነው። ሜሪላንድ ያለው ወንድሜ በሰው እጅ አንድ ጠርሙስ ላከልኝ። «እዚህ ሁሉም ሰው ይወስደዋል፣ ተፈጥሯዊ ነው» አለኝ። አሽዋጋንዳ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የሰማ ሁሉ ይጠይቀኛል። የቢሮ ሰው፣ ጎረቤት፣ የዘመድ ዘመድ። ጥያቄዎቹ ስለሚደጋገሙ አንድ ላይ ጻፍኳቸው። ሐኪም አይደለሁም። አንብቤ፣ ፋርማሲስት ጠይቄ፣ ራሴ ወስጄ፣ አንድ ትልቅ ስህተትም ሠርቼ ያወቅኩትን ነው የማካፍላችሁ።

አሽዋጋንዳ ምንድን ነው? የፈረንጅ መድኃኒት ነው?

ጊዛዋ ነው። አዎ፣ ያው የምናውቀው ጊዛዋ። እኔም ስሰማ ደነገጥኩ። ሳይንሳዊ ስሙ ዊታኒያ ሶምኒፌራ ነው። ሶምኒፌራ ማለት በላቲን «እንቅልፍ የሚያመጣ» ማለት ነው። አሽዋጋንዳ የሚለው ስም ደግሞ ከሳንስክሪት የመጣ ነው፤ የፈረስ ጠረን እንደማለት ነው። ሥሩን ያሸተተ ሰው ስሙ ከየት እንደመጣ ይገባዋል።

ተክሉ የቲማቲምና የድንች ዘመድ ነው። ግራጫ ፀጉር ያለው ቅጠል አለው። ፍሬው ሲበስል ቀላ ይላል፣ እንደ ወረቀት በሳሳ ሽፋን ተጠቅልሎ ይቀመጣል። እኛ አገር በየአጥሩና በየመንገዱ ዳር ይበቅላል። አያቶቻችን ለቡዳና ለክፉ መንፈስ ሲያጨሱበት ኖረዋል። ሕንዶች ደግሞ አዩርቬዳ በሚባለው ባህላዊ ሕክምናቸው ሥሩን ለብዙ ዘመን ተጠቅመውበታል። ዛሬ አሜሪካ መደርደሪያ ላይ የሞላው የሕንዱ ሥር ነው፤ ተጣርቶና ተጨምቆ በካፕሱል የገባው።

ታዲያ ለምን ብር አወጣለሁ? ከአጥር ቆርጬ ላፍላዋ!

ይቅርባችሁ። ቅጠሉና ሥሩ አንድ አይደሉም፤ ውስጣቸው ያለው የንጥረ ነገር ዓይነትና መጠን ይለያያል። በጥናት የተፈተነው በአብዛኛው የሥሩ ኤክስትራክት፣ ማለትም ከሥሩ ተጨምቆ የወጣው ነው። ጀበና ሙሉ ቅጠል ስታፈሉ ምን ያህል እንደጠጣችሁ የሚነግራችሁ የለም። በዚያ ላይ አያቶቻችን ጊዛዋን ሲጠቀሙ አብዛኛውን ጊዜ ጭሱን ነበር፤ ያውም በሚያውቅ ሰው እጅ። በየቀኑ ለሁለት ወር አልጠጧትም።

በእርግጥ ይሠራል?

ትንሽ ሳይረዳ አይቀርም። እንደሚወራለት ያህል ግን አይደለም።

በተደጋጋሚ የሚጠቀስ አንድ ጥናት አለ። በ2012 ሕንድ አገር የታተመ ነው። በውጥረት ውስጥ የነበሩ 64 ሰዎች ተሳትፈዋል። ግማሾቹ 300 ሚሊግራም የሥር ኤክስትራክት በቀን ሁለቴ ለ60 ቀን ወሰዱ። ግማሾቹ መድኃኒት የሌለበት ተመሳሳይ ካፕሱል ተሰጣቸው። ኮርቲሶል የሚባለው የውጥረት ሆርሞን በመጀመሪያዎቹ ላይ ወደ 28 በመቶ ቀነሰ። በሌሎቹ ላይ 8 በመቶ ገደማ ነው የቀነሰው። ከዚያ ወዲህ የመጡ ሌሎች ጥናቶችም በውጥረትና በእንቅልፍ ላይ መጠነኛ ጥቅም አሳይተዋል።

ልብ በሉ ግን። ጥናቶቹ ጥቂት ሰው የተሳተፈባቸው ናቸው። አጭር ናቸው፣ ብዙዎቹ ከሁለትና ከሦስት ወር አያልፉም። ከመካከላቸው ኤክስትራክቱን የሚያመርቱ ድርጅቶች ገንዘብ ያወጡባቸው አሉ። ደግሞ ያቺን 8 በመቶ አትናቋት። ባዶ ካፕሱል የወሰዱት ሰዎችም ትንሽ ተሽሏቸዋል። ሰው «አንድ ነገር እየተደረገልኝ ነው» ሲል ብቻውን ቀለል ይለዋል።

አንቺስ ለውጥ አየሽ?

ከሁሉም በላይ የምጠየቀው ይሄ ነው። ጠርሙሱን ስከፍት አንድ ደብተር ያዝኩ። በየቀኑ ሦስት ነገር ብቻ ጻፍኩ፤ ስንት ሰዓት እንደተኛሁ፣ ቀኑን ጭንቀቴ ከ10 ስንት እንደነበረ፣ የተለየ ነገር ከተሰማኝ ምን እንደሆነ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ምንም የለም። ሆዴን ትንሽ ይረብሸኝ ነበር፤ ከምግብ ጋር ስወስደው ተወኝ። በሦስተኛው ሳምንት እንቅልፌ ከአራት ሰዓት ወደ ስድስት ሰዓት ገባ። ደስ አለኝ። ወንድሜ ጋ ደውዬ አመሰገንኩት።

በኋላ ግን ደብተሩን መለስ ብዬ ሳነብ ሌላ ነገር አየሁ። በዚያው ሳምንት የወንድሜ ሚስት የሆስፒታሉን አዳር ተካፍላኝ ነበር፤ አንድ ቀን እሷ፣ አንድ ቀን እኔ። በዚያው ሳምንት የማታ ቡናዬን ትቼ ነበር። አባቴም በዚያው ሳምንት ቀኝ እጁን አንቀሳቀሰ። ከእነዚህ የትኛው አስተኛኝ? መለየት አልችልም። ስምንት ሳምንት ሲሞላኝ አቆምኩ። እንቅልፌ አልተበላሸም። እናም ለሰው ስመክር ከጠርሙሱ በፊት «አዳሩን የሚካፈልሽ አለ ወይ?» ብዬ ነው የምጠይቀው።

ስንት ነው የሚወሰደው?

አብዛኞቹ ጥናቶች በቀን ከ240 እስከ 600 ሚሊግራም ኤክስትራክት ተጠቅመዋል። ዝቅ ካለው ጀምሩ። ከምግብ ጋር ይሁን። የሚያፈዛችሁ ከሆነ ማታ ውሰዱት፤ መኪና የምትነዱ ሰዎች በተለይ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ተጠንቀቁ። ከሦስት ወር በላይ አትሂዱ፤ ከዚያ በላይ ሲወሰድ ስለሚያደርገው በቂ ጥናት የለምና። እኔ የማቆሚያዋን ቀን ጠርሙሱ ላይ በእስክሪብቶ ጽፌ ነው የጀመርኩት።

ዱቄቱና ኤክስትራክቱ በሚሊግራም እኩል አይደሉም። አንድ ማንኪያ የሥር ዱቄትን ከአንድ ካፕሱል ጋር አታወዳድሩ።

ማን መውሰድ የለበትም?

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። የሠራሁት ስህተት እዚህ ነው።

አክስቴ ከዓመታት በፊት የእንቅርት ቀዶ ጥገና አድርገዋል። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ የታይሮይድ ኪኒን ይወስዳሉ፤ ሌቮታይሮክሲን የሚባለውን። ወንድማቸው ታሞ እሳቸውም እንቅልፍ አጥተው ነበር። አንድ ቀን ጠርሙሱን አዩና «እስኪ ለእኔም ስጪኝ ልጄ» አሉኝ። ምንድን ነው ሲሉ «ጊዛዋ ነው» አልኳቸው። ሳቁ። «ጊዛዋማ ምን ታደርጋለች» አሉ። ግማሹን በሌላ ዕቃ ገልብጬ ሰጠኋቸው።

በሦስተኛው ሳምንት ልባቸው ይመታ ጀመር። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ያልባቸዋል፣ ቀሚሳቸው ሰፋቸው። ሁላችንም በአባቴ ምክንያት ነው አልን። ሐኪም ጋ ስንሄድ የታይሮይድ ሆርሞናቸው ከልክ በላይ ከፍ ብሏል ተባለ። ሐኪሟ «አዲስ የጀመሩት መድኃኒት አለ?» ብላ ጠየቀቻቸው። «ምንም የለም» አሉ። እየዋሹ አልነበረም። ለእሳቸው መድኃኒት ማለት ከፋርማሲ የሚገዛ ነው፤ ጊዛዋ ቅጠል ናት። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። ያኔ ነው የገባኝ። ጠርሙሱን ከቦርሳዬ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

አሽዋጋንዳ የታይሮይድ ሆርሞንን ከፍ ሊያደርግ ይችላል። ለጤነኛ ሰው ላይታወቀው ይችላል። ኪኒን ለሚወስድ ሰው፣ ወይም ታይሮይዱ ቀድሞውኑ ከፍ ላለበት ሰው ግን አደገኛ ነው። አክስቴ አቆሙ፤ ከሳምንታት በኋላ የደም ምርመራቸው ተስተካከለ። አሁን ከሆስፒታል ካርዳቸው ጋር የምትቀመጥ ወረቀት አለች። የሚወስዱት ሁሉ ተጽፎባታል። የማለዳ ነጭ ሽንኩርታቸው ሳይቀር።

ከታይሮይድ ሌላ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት አትውሰደው። የጉበት ሕመም ያለበት፣ እንደ ሉፐስና ሩማቶይድ ያለ የሰውነት መከላከያ ራሱን የሚያጠቃበት ሕመም ያለበት፣ ሆርሞን የሚያባብሰው የፕሮስቴት ካንሰር ያለበት ሰውም እንዲሁ። ቀዶ ጥገና የተቀጠረለት ሰው አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር።

የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት እወስዳለሁ። አብሮ ይሄዳል?

ሳትጠይቁ አትጀምሩ። ስኳርንም ግፊትንም በራሱ ትንሽ ዝቅ ሊያደርግ ይችላል። በመድኃኒታችሁ ላይ ሲደመር ከሚገባው በታች ይወርዳል። ማዞር፣ ማላብ፣ መዝለፍለፍ ይመጣል። የእንቅልፍና የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ላይ ድብታው ይደራረባል። የሰውነት መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት የሚወስዱም፣ ለምሳሌ ኩላሊት የተተከለላቸው፣ ይራቁት።

ሐኪሙ ቸኩሎ ከሆነ ፋርማሲስቱን ጠይቁ። እኔ ሰፈሬ ካለው ፋርማሲስት ያገኘሁትን ያህል ከማንም አላገኘሁም። ሰልፍም የለ፣ ካርድም የለ። ጠርሙሱንና የምትወስዱትን ኪኒን ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ።

ጉበት ይጎዳል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ብዙ ሰው ላይ ግን አይደርስም። አይስላንድና አሜሪካ ውስጥ አሽዋጋንዳ ወስደው ጉበታቸው የተጎዳ ሰዎች በሕክምና መጽሔት ተመዝግበዋል። አብዛኛውን ጊዜ ምልክቱ የሚመጣው ከጀመሩ ከ2 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ዓይን ቢጫ ይሆናል፣ ሽንት እንደ ሻይ ይጠቁራል፣ ሰውነት ያሳክካል፣ ምግብ ያስጠላል። ብዙዎቹ ሲያቆሙ ድነዋል። በጣም የተጎዱም ግን አሉ።

እኛ ዘንድ ይሄ ተጨማሪ አደጋ አለው። ዓይን ቢጫ ሲሆን «የወፍ በሽታ ነው» ተብሎ ወደ ባህል ሐኪም ይኬዳል፤ በተጎዳ ጉበት ላይ ሌላ ቅጠል ይጠጣል። እባካችሁ። እንክብሉን በዚያው ቀን አቁሙ፣ ጤና ጣቢያም ቢሆን ሄዳችሁ የጉበት ምርመራ አሠሩ፣ ምን ስትወስዱ እንደነበር ተናገሩ።

በጾም መውሰድ ይቻላል?

ተክሉ የጾም ነው፤ ጥያቄው ካፕሱሉ ላይ ነው። ብዙው ካፕሱል ከጄላቲን ነው የሚሠራው። ጄላቲን ከከብት ወይም ከአሳማ ቆዳና አጥንት የሚወጣ ነው። ለሙስሊም ወገኖቻችንም ያው ጥያቄ ይነሳል። ጠርሙሱ ላይ ቬጋን ወይም ቬጅቴሪያን የሚል ካለ ሽፋኑ ከዕፅዋት ነው። ሐላል የሚል ምልክት ያላቸውም አሉ። ምንም ካልተጻፈበት ጄላቲን ነው ብላችሁ ውሰዱት። ሰዓቱ ካሳሰባችሁ ደግሞ ከጾም መፍቻ ምግብ ጋር ይወሰዳል፤ በባዶ ሆድ ለጨጓራም አይመችም።

ቡናና ጫት እንዴት ነው?

አንዱን እጅ ስትስቡ በሌላው ትገፋላችሁ። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ የተጠጣ ቡና፣ ማታ 3 ሰዓት ላይም የካፌይኑ ግማሽ ያህል ደም ውስጥ ሊኖር ይችላል። ከአቦል እስከ በረካ ተቀምጦ፣ ከዚያ እንቅልፍ እንዲያመጣ ካፕሱል መዋጥ ገንዘብ ማባከን ነው። ቡናን ተዉ ማለቴ አይደለም። በዚያ ሰሞን እኔን ሰው ያደረገኝ የጎረቤቶቼ ቡና ነው፤ ብቻዬን እንዳልሆንኩ ያየሁት እዚያ ነው። ወደ ጠዋት አዛወርነው። ጫት ግን ልብንም ግፊትንም ስለሚያፋጥን ከእንክብሉ በፊት እሱን ማየት ይቀድማል።

ሌሎቹስ? ሴይንት ጆንስ ወርት የሚባለውን ላኩልኝ።

ይሄኛው የበለጠ ያሳስበኛል። ለቀላል ድብርት እንደሚረዳ ጥናት አለው። ግን ጉበት ሌሎች መድኃኒቶችን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋል። የወሊድ መከላከያ ኪኒን ኃይሉን ያጣል፤ ሳይታሰብ ሊፀነስ ይችላል። የኤችአይቪ መድኃኒት ይዳከማል። ደም ማቅጠኛው ዋርፋሪን ይዳከማል። ከድብርት መድኃኒት ጋር ሲደረብ ደግሞ ሴሮቶኒን የሚባለው ኬሚካል ከልክ አልፎ ለሕይወት የሚያሰጋ ሕመም ሊያመጣ ይችላል። ማንኛውንም መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አይንካው።

«ተፈጥሯዊ ነው» ከተባለ መንግሥት አረጋግጦታል ማለት አይደለም?

አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በ1994 በወጣው ሕግ መሠረት ሰፕልመንት፣ ማለትም እንደ አሽዋጋንዳ ያለ በእንክብል የሚሸጥ ማሟያ፣ ገበያ ከመውጣቱ በፊት እንደ መድኃኒት ፈቃድ አያስፈልገውም። የመንግሥት ተቆጣጣሪው የሚገባው ባብዛኛው ችግር ሲመጣ ነው። ዴንማርክ ደግሞ በ2023 አሽዋጋንዳን ጭራሽ ከልክላለች። አንድ ተክል፣ አሜሪካ በየሱፐርማርኬቱ፣ ዴንማርክ ክልክል። እኛ አገር ጉዳዩ የሚመለከተው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንን ነው፤ በሻንጣ የሚገባውን ግን ማንም አያየውም።

መቼ ነው ይሄን ሁሉ ትቼ ሐኪም ጋ የምሄደው?

ከሁለት ሳምንት በላይ ምንም ነገር ካላስደሰታችሁ። መብላት፣ መሥራት፣ ልጅ መያዝ ካቃታችሁ። መጠጥ ካበዛችሁ። ሞት ከናፈቃችሁ ደግሞ ዛሬውኑ፤ ነገን አትጠብቁ። አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል አለ። ስሙን ሰምቶ የሚያፍር ሰው አውቃለሁ፣ እዚያ ሄዶ የዳነም አውቃለሁ። አሜሪካ ያላችሁ 988 ደውሉ፤ በማንኛውም ሰዓት ሰው ያነሳል። የታዘዘላችሁን የድብርት ወይም የጭንቀት መድኃኒት በዚህ እንክብል ለመተካት ብላችሁ ግን አታቋርጡ። ጠበልም የምትጠመቁ ከሆነ መድኃኒቱን ይዛችሁ ተጠመቁ።

ሰው ከአሜሪካ ሊያመጣልኝ ነው። ምን ልበለው?

ከመግዛቱ በፊት የጀርባውን ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይላክላችሁ። ሰፕልመንት ፋክትስ የሚለው ሠንጠረዥ ላይ ሦስት ነገር ፈልጉ፤ ከሥር ነው ወይስ ከቅጠል፣ ኤክስትራክት ነው ወይስ ዱቄት፣ ስንት ሚሊግራም። «ፕሮፕራይተሪ ብሌንድ» ብሎ አሥር ተክል ደባልቆ የእያንዳንዱን መጠን ከደበቀ አትግዙት። ዩኤስፒ ወይም ኤንኤስኤፍ የሚል ማኅተም ካለው ውስጡ ያለው ላዩ ላይ ከተጻፈው ጋር መመሳሰሉን ሌላ አካል ፈትሾታል ማለት ነው። ይሠራል ማለት ግን አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ በሉት። ለኪሎ ብሎ ኪኒኑን ፌስታል ውስጥ ገልብጦ ጠርሙሱን እንዳይጥለው። እኔም ለአክስቴ የሰጠሁት እንዲያ ገልብጬ ነው። «የታይሮይድ መድኃኒት የሚወስዱ ሐኪም ያማክሩ» የሚለው ጽሑፍ የቀረው እኔ ጋ፣ ጠርሙሱ ጀርባ ላይ ነበር።